የጢስን ዕዳ ማን ይክፈል?

በጥንት ጊዜ ከተማ በር ነበራት፤ በበሩም ላይ ኬላ ነበረ። ነጋዴው ጨዉንና ቡናውን በአጋሰስ ጭኖ ሲደርስ ቀራጩ ሸክሙን ቈጥሮ ቀረጡን ይቀበለው ነበር። በዘመናችን ደግሞ በአንዳንድ ታላላቅ ከተሞች ሌላ ዓይነት ኬላ ቆሟል። ይህ ኬላ አጥርም ዘበኛም የለውም። በመንገድ ዳር የተተከለ ካሜራ የመኪናውን የሰሌዳ ቍጥር ያነብባል፤ ቀረጥ የሚጠይቀውም ስለ ተጫነው ዕቃ ሳይሆን ከኋላ ስለሚወጣው ጢስ ነው። ይህ ቀረጥ ፍትሕ ነውን ወይስ ግፍ? ስለዚህ ነገር ብዙ ሕዝብ ሲከራከር ቈይቷል፤ ክርክሩም ገና አልበረደም።

እኛም በዚህ ወር ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር አስበናል። ለምርመራችን የመረጥነው የሎንዶንን ከተማ ነው፤ ስለ ምን ቢሉ ክርክሩ በዚያ እጅግ ግሏልና፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በዚያ ኑሮ መሥርተው ልጆቻቸውን ያሳድጋሉና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የአገራችንን ነገር ከምናወሳበት ስፍራ በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ የተጀመረው ከጢስ አስቀድሞ በመንገድ መጨናነቅ ነው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን በሥራ ቀን ወደ ከተማይቱ መካከል የሚገባ መኪና በቀን 5 ፓውንድ እንዲከፍል አደረጉ። የጢሱ ቀረጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቅዱን በ2015 ያጸደቁት ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን ናቸው፤ ከታሰበለት ጊዜ ቀደም አድርገው ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ሥራ ያስጀመሩት ግን ተተኪያቸው ሳዲቅ ካን ናቸው። ሁለቱም በፖለቲካ ተቃራኒ ወገን እንደ ሆኑ ልብ ማለት ይገባል። በደንቡ መሠረት ጢሱ ከተወሰነው መጠን የሚያልፍ መኪና፥ ቀንም ሆነ ሌሊት፥ በተነዳበት ዕለት 12 ፓውንድ ተኩል ይከፍላል። በጠቅላላው ሲነገር የቤንዚን መኪና ከ2006 ወዲህ፥ የናፍጣ መኪና ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ከሆነ ከቀረጡ ነጻ ነው። ወሰኑ በኦክቶበር 2021 ሰፋ፤ ኦገስት 29 ቀን 2023 ደግሞ መላይቱን ሎንዶን እስከ ዳርቻዋ አጠቃለለ።

ደንቡ በናፍጣ ላይ ስለ ምን ጠበቀ? በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ እጅግ ታምቆ ስለሚግል፥ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክሲጅን ጋራ ይዋሐዳል። ከዚህም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው፥ የመተንፈሻን ቧንቧ የሚያስቈጣ ጋዝ ይገኛል። ከዚህ ሌላ ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን የጥላሸት ቅንጣቶች አሉ፤ እነዚህ ከትንፋሽ ጋራ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይወርዳሉ፤ እጅግ የደቀቁትም ወደ ደም ይሻገራሉ። አዲሶቹ መኪናዎች ይህን የሚቀንስ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ በአሮጌዎቹ ዘንድ ግን ጢሱ ወደ ጎዳናው ይለቀቃል።

እንግዲህ የሁለቱን ወገን ቃል በየተራ እንስማ።

አንደኛው ወገን የሚናገረው ስለሚተነፍሱት ነው። በደቡብ ሎንዶን፥ መኪና በማይነጥፍበት ታላቅ ጎዳና አጠገብ፥ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል ሕፃን ትኖር ነበር። ጽኑ የአስም ሕመም ያዛት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ20 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ገብታ ወጣች። በፌብሩዋሪ 2013 በ9 ዓመቷ ዐረፈች። እናቷ ነገሩ በዝምታ እንዲቀበር አልፈቀዱም፤ ዓመታት የፈጀ ክርክር ካደረጉ በኋላ፥ የሞትን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ በዲሴምበር 2020 የአየሩ መበከል ለሕፃኗ ሞት አስተዋፅኦ ማድረጉን በፍርድ መዝገብ አሰፈረ። እንግዲህ ይህ ወገን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ ያች ሕፃን መኪና አልነዳችም፤ ቤንዚንም አልገዛችም፤ የሌላውን ጢስ ዋጋ ስለ ምን በሳንባዋ ከፈለች? በሎንዶን ከ10 ቤተሰብ 4ቱ ያህል መኪና የላቸውም፤ ነገር ግን ጢሱ ሲከፋፈል ድርሻቸው አልቀረላቸውም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሚናገረው ስለሚሠሩት ነው። ቧንቧ የሚጠግን፥ ግድግዳ የሚቀባ፥ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ፥ በሆስፒታል የሚያስታምም ሰው፥ የሥራው ሰዓት አውቶቡስ ከሚገኝበት ሰዓት ጋራ ዘወትር አይገጥምም። በከተማይቱ ዳርቻ አውቶቡሱ እንደ መካከሉ አይመላለስም። አሮጌ የናፍጣ መኪና ያለው ሠራተኛ በሳምንት 5 ቀን ቢነዳ 62 ፓውንድ ተኩል ይወጣበታል፤ አዲስ መኪና የገዛው ባለጸጋ ግን በዚያው ጎዳና ያለ ክፍያ ያልፋል። ከዚህም የሚብስ ቅሬታ አላቸው። የብሪታንያ መንግሥት በ2001 የመኪናን ግብር ዓለምን በሚያሞቀው ጋዝ መጠን ሲያደርገው፥ ናፍጣ በዚያ መለኪያ ቀለል ያለ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ወደ ናፍጣ ተመለሰ። ትናንት መንግሥትን ሰምቶ የገዛ ሰው ዛሬ ስለ መስማቱ ሲቀረጥ ቢቈጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ቍጣውም በቃል ብቻ አልቀረም። አንዳንዶች በሌሊት ወጥተው ካሜራዎችን ቈረጡ፤ ይህስ በማናቸውም ዘንድ የሚመሰገን ሥራ አይደለም። በጁላይ 2023 በአክስብሪጅ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ቀረጡን የተቃወመው ወገን በ495 ድምፅ ብቻ ብልጫ አሸነፈ። በዚያው ወር የአምስት አውራጃዎች ምክር ቤቶች ያቀረቡትን ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ሕጉ ጸና፤ የሰዉ ልብ ግን እንደ ተከፈለ ቀረ።

ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፥ ከሁለቱ ወገኖች እያንዳንዱ የራሱን ሕመም አግንኖ የሌላውን ማሳነሱ አልቀረም። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የመጀመሪያው ወገን እውነት ይህ ነው፤ ኬላው ዕዳን አልፈጠረም፤ ዕዳው ቀድሞ ነበረ። ካሜራው ከመተከሉ በፊትም ጢስ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው የተከፈለው ግን በፓውንድ ሳይሆን በሕፃናትና በሽማግሌዎች ትንፋሽ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚል ሳይሆን ማን ይክፈል የሚል ነው። የሁለተኛው ወገን እውነት ደግሞ ይህ ነው፤ ዕዳን ከድኻው ሳንባ አንሥቶ በድኻው ኪስ ላይ መጫን ፍርድን ማቅናት አይደለም። ሰውን የሚያስቀርጥ ሕግ አስቀድሞ መውጫ ሊያበጅለት ይገባል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ያችው ሎንዶን ራሷ ከዚህ ቀደም አሳይታ ነበር። በዲሴምበር 1952፥ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ድረስ፥ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋራ ተደባልቆ ከተማይቱን ሸፈናት። በዚያን ጊዜ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ተነገረ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ ቍጥሩን ወደ 12,000 አደረሱት። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ በየሰፈሩ ጢስ መልቀቅን ሲከለክል፥ ባለቤቱ ምድጃውን ጢስ ወደማያወጣ ለመለወጥ ካወጣው ገንዘብ የሚበዛውን እጅ ከሕዝብ ገንዘብ እንዲተካለት አደረገ። ምድጃህን አጥፋ ብሎ በብርድ አልተወውም። ክልከላውና እርዳታው በአንድ ሕግ አብረው መጡ።

በ2023ቱም ቀረጥ እርዳታ አልጠፋም። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ ሰው እስከ 2,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ እርዳታው በመጀመሪያ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች፥ ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለበጎ አድራጎት ማኅበሮች ብቻ ነበረ፤ አሮጌ መኪና ላለው የከተማይቱ ነዋሪ ሁሉ የተከፈተው ኦገስት 21 ቀን ማለት ኬላው ሊቆም 8 ቀን ሲቀረው ነው። መጥኖ መደቆስ ድስቱ ሳይጣድ ነበር። ያው እርዳታ ከአንድ ዓመት በፊት ለሁሉ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ብዙው ቍጣ ባልተነሣ ነበር ብለን እናስባለን። በሌላ በኩል ፍሬው መታየቱን መካድ አይገባም፤ ከተማይቱ ባወጣችው መግለጫ መሠረት ወሰኑ በሰፋ በመጀመሪያው ወር ከ100 መኪናዎች ከ95 የሚበልጡት ደንቡን ያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ከሚነዳው ሰው አብዛኛው ምንም አልከፈለም።

የስቶክሆልም ከተማ አደራረግም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በዚያ በ2006 ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ድረስ በመኪና መጨናነቅ ላይ ቀረጥ ለሙከራ ተጣለ፤ አስቀድሞም ተጨማሪ አውቶቡሶች ተሰማሩ። ከሙከራው በፊት የሚበዛው ሕዝብ ተቃዋሚ ነበር። ነገር ግን ወደ መካከሉ የሚገባው መኪና ከ5 እጅ አንዱን ያህል ሲቀንስ ሕዝቡ በዐይኑ አየ፤ በሴፕቴምበር 2006 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም የከተማይቱ ነዋሪዎች ብዙኃን ቀረጡ ይጽና አሉ። ሕዝብ መክፈልን ብቻ አይጠላም፤ አብዝቶ የሚጠላው ሳይጠየቅና የገንዘቡን ፍሬ ሳያይ መክፈልን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ከባለጸጎች ከተሞች የተባረረ አሮጌ መኪና ሁሉ አይቀጠቀጥም፤ ብዙው በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአውሮጳ፥ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላ አገር እንደ ተላኩና ከእነርሱም ከ100 እጅ 40 ያህሉ ወደ አፍሪቃ እንደ ገቡ ገልጧል። እንግዲህ የአንዲት ከተማ አየር የሚነጻው ጢሱ ወደ ሌላ ከተማ ሕፃን ተሻግሮ ከሆነ፥ ዕዳው ተላለፈ እንጂ አልተከፈለም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ይህም በእኛ በኩል የቆመ ኬላ ነው። የሎንዶኑ ጥያቄ ለእርሱም ይቀርብለታል፤ በአሮጌ መኪና እንጀራውን የሚያበስል ሰው መውጫው ተበጅቶለታልን?

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ አጭር ነው። ጢስ የሚያወጣ ይክፈል፤ ነገር ግን ከመክፈሉ በፊት ጊዜ ይሰጠው፥ አውቶቡስ ይምጣለት፥ ድኻ ከሆነም ይታገዝ፥ የተሰበሰበውም ገንዘብ በምን ላይ እንደ ዋለ በአደባባይ ይነገር። ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል ቀረጡ ከፍትሕ ወደ ግፍ ያዘነብላል።

ለቤተሰብም የሚተርፍ ሥራ አለ፤ እርሱም ሕግ እስኪወጣ ድረስ አያስጠብቅም። ልጁን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የሚጠብቅ አባት ሞተሩን ያጥፋ፤ በዚያ ሰዓት ጢሱን የሚተነፍሱት ልጁና የልጁ ጓደኞች ናቸውና። ወደ አንድ ስፍራ የሚሄዱ ጎረቤታሞች በአንድ መኪና ይሂዱ። አጭሩን መንገድ በእግር የሚቻል ሰው በእግሩ ይሂድ። ልጆችም ሲጠይቁ፥ አየር የማንም ርስት እንዳይደለ፥ ስለዚህም ሁሉ ሊጠብቀው እንደሚገባ ይነገራቸው። ይህን በቤቱ የለመደ ልጅ አድጎ ሕግ አውጪ ቢሆን በአንድ እጁ የሕፃኗን ትንፋሽ፥ በሌላው እጁ የሠራተኛውን እንጀራ ይዞ ይፈርዳል እንጂ አንዱን ለሌላው አይጥልም።