ስለ ፕሪሲላ ሙሊንስ ትውልድ

ትውልድን መቍጠር መልካም ሥራ ነው፤ መልካም የሚሆነውም በእውነተኛ ምስክር ሲቈጠር ነው። ለመኵራት ብቻ የሚቈጥር ሰው የጐደለውን ስፍራ በተረት ይሞላዋል። የአባትን ወገን ቈጥሮ የእናትን ወገን የሚተውም ሥራውን እኩሌታ አድርጎ ይተወዋል። አስቀድመው ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት የእንግሊዝ ሴቶች አንዲቱ ፕሪሲላ ሙሊንስ ናት፤ ስሟም በሐዋርያት ሥራ ጵርስቅላ የተባለው ነው። የነገሩ እውነት በእርሷ ታሪክ ይታያል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1620 ዓመት ሜይፍላወር የሚባል መርከብ 102 መንገደኞች ይዞ ከእንግሊዝ ተነሣ። የዶርኪንግ ከተማ ጫማ ነጋዴ ዊልያም ሙሊንስ ከሚስቱ ከአሊስ፥ ከልጆቹ ከዮሴፍና ከፕሪሲላ፥ ከአንድ አሽከርም ጋራ በውስጡ ነበረ። ሰዎቹም ፕሊማውዝ በሚባል ስፍራ ሰፈሩ። የብርዱ ወራት ጽኑ ነበረና ከመንገደኞቹ እኩሌታ ያህሉ ሞቱ። ከሙሊንስ ቤት አባትና እናት፥ ወንድምና አሽከር ሁሉም አለቁ፤ ፕሪሲላ ብቻዋን ቀረች።

አባቷ ሊሞት ሲል ተናዘዘ፤ ገዢው ጆን ካርቨርም ቃሉን ጻፈለት። ኑዛዜው ገንዘቡን ለሚስቱና ለልጆቹ ያካፍላል፤ 21 ደርዘን ጫማና 13 ጥንድ ቦት ጫማም ይቈጥራል። በእንግሊዝ የቀሩትን ልጆቹን ዊልያምንና ሣራንም በስማቸው ይጠራል። ይህ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ በ1621 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጸደቀ። እንግዲህ የፕሪሲላን ወገን የሚመረምር ሰው በአሜሪካ ብቻ ቢፈልግ አይበቃውም። ጫማ ለመቍጠር የተጻፈው ወረቀት የቤተ ሰቡንም ስም አተረፈ።

ፕሪሲላ በርሜል ሠሪውን ጆን ኦልደንን አገባች፤ የዐሥር ልጆቻቸው ስም ታውቋል። በዚያ አገር ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ቤት ስም ትታ የባሏን ትይዛለች፤ በእናት በኩል ለሚቈጥር ሰው ትልቁ ጭንቅ ይህ ነው። የፕሪሲላ ልጅ ሩት ባስ የሚባለውን ሰው አገባች፤ የሩት ልጅ ሐናም አዳምስ የሚባለውን አገባች፤ የሐና የልጅ ልጅ ጆን አዳምስም በ1797 የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሙሊንስ፥ ኦልደን፥ ባስ፥ አዳምስ፤ አራት ስም፥ አንድ ደም። ጋብቻቸው ባይጻፍ ኖሮ ሐረጉ በሩት ላይ ይበጠስ ነበር።

ከዚሁ ወገን የተወለደው ባለቅኔ ሎንግፌሎ በ1858 ስለ ፕሪሲላ መታጨት ረጅም ግጥም ጽፎ ስሟን በአገሩ ሁሉ አሰማ። ብዙዎችም እንደ ታሪክ ተቀበሉት። ነገር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ግጥም፥ ልብን ደስ ቢያሰኝም፥ ለትውልድ ቈጠራ ምስክር አይሆንም። የጫማው ወረቀት ይበልጠዋል።

የእናቷ የአሊስ አባት ማን እንደ ነበረ የሚናገር መዝገብ አልተገኘም። ጆን ኦልደን በ1687 እንደ ሞተ ተጽፏል፤ ፕሪሲላ የሞተችበት ዓመት ግን አልተጻፈም። ጥፋቱ የሴቶቹ አይደለም፤ ብዕር ይዘው ያለፏቸው ሰዎች ነው።

ፕሪሲላን በዚያ ምድር የመዠመሪያዪቱ ሴት ብሎ የሚጠራም ቃሉን ይመጥን። በፕሊማውዝ ስፍራ አስቀድሞ ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበረ፤ መርከቡ ሳይመጣ ከጥቂት ዓመት በፊት ቸነፈር ሰዎቹን ፈጃቸው። እርሻውን ያቀኑት፥ በቆሎውንም የዘሩት ሴቶቻቸው ነበሩ። ከመርከብ የወረዱትም በ1621 በቆሎ የዘሩት በዚያው በቀናው መሬት ላይ ነበረ።