የዓይን ምስክር ወይስ የስሚ ስሚ?

አንባቢ ሆይ! አንድ ሰው ከዳኛ ፊት ቀርቦ «እገሌ ሰረቀ» ቢል፣ ዳኛው አስቀድሞ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስለ ጂን፣ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርደው የዘር መመሪያ፣ የሚጻፈውም ቃል እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የዝንብን፣ የአይጥንና የእርሾን ጂኖች የሚያጠኑ ሊቃውንት «ጂን ኦንቶሎጂ» የተባለውን የጋራ መዝገብ ጀመሩ። በመዝገቡ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የማስረጃው ዓይነት በአጭር ምልክት ይጻፋል። አንዱ ምልክት «በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ታየ» ማለት ነው፤ ሌላው «ከታወቀ ጂን ጋር ይመሳሰላል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሰው በየተራው ሳይመረምረው ኮምፒዩተር የሰጠው ነው።

መመሳሰል ግን ያታልላል። በዳክዬ ዓይን ሌንስ ውስጥ ዴልታ ክሪስታሊን የሚባሉ 2 ፕሮቲኖች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ሲፈተኑ ግን አርጂኒኖሰክሲኔት ላይዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። መልካቸውን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም ኢንዛይም ብሎ በጻፋቸው ነበር።

ነገሩ ቀላል አይምሰልህ። ይህ ኢንዛይም በጎደለው ሕፃን ደም ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሞ ሕይወቱን ያሰጋል። የሕመሙን ምክንያት ከጂን መዝገብ የሚፈልግ ሐኪም የተሳሳተ ቃል ቢያምን መንገድ ይስታል። ስሕተት ደግሞ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ ብዙ ምስክር ያለው ይመስላል፤ ምንጩ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ «ይህ ጂን ይህን ይሠራል» ሲሉህ «በምን ታወቀ? ማንስ ፈተነው?» በል። በመመሳሰል የተገኘ ቃል ለምርመራ መነሻ ይሆናል እንጂ ለፍርድ አይበቃም።