የሩሲንጋና የምፋንጋኖ ደሴቶች የዓሣ እርባታ፦ ተስፋውና እንቅፋቱ

ሐይቅ የከበበው ሕዝብ ዓሣ ቸገረው ቢባል ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በኬንያ ክልል የሚገኙት የሩሲንጋና የምፋንጋኖ ደሴቶች ነዋሪዎች የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው። ኑሮውን በመረብና በጀልባ ላይ የመሠረተው የሉኦና የሱባ ዓሣ አጥማጅ ዛሬ ሌሊቱን በውሃ ላይ አድሮ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እጁን አጣጥፎ ነው።

የችግሩ ሥር የቆየ ነው። ከ68,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ካለው ሐይቅ ለኬንያ የደረሳት ከመቶ 6 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚህች ጠባብ ክፍል የሚያጠምደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ወደ ሐይቁ የተጨመረው ናይል ፐርች የተባለው ዓሣ በል ዓሣ በ1980ዎቹ በመባዛቱ በመቶ የሚቆጠሩ አገር በቀል ዝርያዎች ለመጥፋት ተዳረጉ። በ1990ዎቹም እምቦጭ ወደቦቹን ሸፈነ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ አዲስ ተስፋ ታየ። እርሱም በሐይቁ ላይ በሚንሳፈፍ የመረብ በረት ውስጥ፣ በአገራችን ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ ማርባት ነው። የእርሻ መሬቱ ጠባብ ለሆነ የደሴት ሕዝብ ይህ ዘዴ መሬት ሳይሻማ ምርት ይሰጣል። በበረቱ የተጨመረው ጫጩት በደንብ ከተመገበ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ለገበያ ይደርሳል። ኬንያ የበረዶ ዓሣ ከቻይና እስከ ማስመጣት የደረሰች በመሆኗ የገበያው ፍላጎት የሚያጠራጥር አይደለም።

ይሁን እንጂ ስንቁን ሳያደራጅ ወደፊት የሚገፋ ጦር መጨረሻው አያምርም። የእርባታው ስንቅ መኖ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚውጠውም እርሱ ነው። ለመኖ ከሚውሉት ነገሮች አንዱ ኦሜና የሚባለው ትንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ይህ የድኃው ሕዝብ ዋነኛ ወጥ ነው። የድኃውን ምግብ ፈጭቶ ለገበያ ዓሣ ማብላት ልማት ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው እንቅፋት የውሃው እስትንፋስ ነው። በረቶች ጥልቀት በሌላቸው ሰላጤዎች ሲታጨቁ የተረፈ መኖና እዳሪ ከሥር ይከማቻል፤ ከታች ያለው ኦክሲጂን ያነሰው ውሃ በነፋስ ሲገለበጥም ዓሣው በአንድ ሌሊት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በኬንያ ዳርቻ የብዙ አርቢዎች ሀብት በዚሁ መንገድ ጠፍቷል። ትልቅ ካፒታል ያለው ከዚህ ዓይነቱ ኪሳራ ያገግማል፤ በብድር የጀመረው አጥማጅ ግን ከዕዳው ጋር ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በረቱ የገንዘብ ባለቤቶች፣ ሐይቁ የሁሉም ነው። በረቶች የጀልባ መተላለፊያንና ዓሣ የሚራባበትን ዳርቻ ከያዙ፣ አጥማጁ በአባቶቹ ውሃ ላይ የቀን ሙያተኛ ሆኖ ይቀራል።

እንደ እኛ እምነት መፍትሔው ያለው በአጥማጆቹ መደራጀት ላይ ነው። በኬንያ ሕግ የታወቁ የዳርቻ አስተዳደር ማኅበራት አሉ። እነዚህ ማኅበራት የበረት ቦታና ቁጥር በመወሰን ረገድ ድምፅ ሊኖራቸው፣ አባሎቻቸውም በጋራ ገዝተው በጋራ የሚያረቡበት ብድር ሊመቻችላቸው ይገባል። በረቶቹ ጥልቅና ተንቀሳቃሽ ውሃ ወዳለበት መውጣት፣ መኖውም ከአኩሪ አተርና ከሱፍ ፋጉሎ መዘጋጀት አለበት። ይህ ሳይሆን ምርቱ ቢያድግ እንኳ፣ የደሴቱ ሕፃን በገዛ ሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ከተማ የሚጫነውን ዓሣ ከመመልከት አያልፍም።