ጭቃ ለማቡካት ትኬት ተቆርጦ

ከአምደኛው

በሰው አገር ገጠር ገብቶ ቤት ለመሥራት የሚመዘገብ ፈረንጅ ደመወዝ አይከፈለውም፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚከፍለው። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ክትባቱ፣ በዚያ ላይ ላስመጣው ድርጅት የሚያዋጣው ሁሉ ከኪሱ ነው። የሥራ ጓንቱን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ቦሌ ይወርዳል፤ አንድ ሁለት ሌሊት ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ያድርና በላንድክሩዘር ወደ ገጠር ይወጣል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ፣ ጫማቸውን ገና ጭቃ ያልነካው ወጣቶች ቁርስ ላይ ተሰብስበው ሲሳሳቁ ያየ የሰፈሩ ሰው ብዙ ነው። በጎ ልባቸውን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ለመሆኑ የእኛ ገጠር የጎደለው ጉልበት ነው እንዴ?

ቤት የሚሠራ ገበሬ ባሕር ዛፉን አስቆርጦ፣ ጠላውን አስጠምቆ፣ ንፍሮውን አስቀቅሎ ደቦ ይጠራል። ምሰሶው ይቆማል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጣራው ይመታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። መድረሱን የሚያውቀው በእግሩ እየረገጠ ያደገ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ሠልጣኝ አይመለመልም፣ ቅጽ አይሞላም። ደግሞም ደቦ ምጽዋት አይደለም፤ ዛሬ ከረዳኸኝ ነገ እረዳሃለሁ፣ ብቀር ደግሞ ነውሩ የኔ ነው። ከአትላንቲክ ማዶ ለመጣ እንግዳ ግን ደቦውን ማን ይመልስለታል? ባለቤቱ ውለታውን መክፈያ ስለሌለው ቡና አፍልቶ፣ ዶሮ አርዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሸኘዋል። (የዶሮዋ ዋጋ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ መታሰቡን እንጃ።)

ገበሬው የሚያጣው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውን ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ፣ የበር ማጠፊያ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ ከአሜሪካ ለመምጣት የሚከፈል አንድ ሺህ ዶላር ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለአንድ አናጢና ለረዳቶቹ የስንት ወር ምንዳ እንደሚሆን፣ ስንት ጣራ ቆርቆሮ እንደሚያለብስ አንባቢ ራሱ ያስላው። እርግጥ አናጢው ውሃ ልኩን ይዞ ቆሞ እየጠበቀ ፈረንጁ አንዷን ምስማር ሦስት ጊዜ ሲያጣምም አይቼ ስቄ አውቃለሁ፤ ሳቁ ግን ቁም ነገሩን አይለውጠውም።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው ሁሉ ሐቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ድርጅቱን ለዓለም ያስተዋወቁት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዕድሜያቸው ዘጠና ካለፈ በኋላም ሳይቀር መዶሻ ይዘው ይወጡ ነበር። ካርተር በእርግጥም የእንጨት ሥራ ያውቁ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ የዕቃ መሥሪያ ክፍል የነበራቸው ሰው ናቸው። የመዶሻውን ሥዕል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

እኛ አገር የሠሩት ትልቁ ሥራ ግን መዶሻ የሌለበት ነው። በስማቸው የተቋቋመው ማዕከል ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ የዓይን በሽታውን ትራኮማን ሲዋጋ፣ በሽታውን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በሚጣል ዓይነ ምድር መሆኑን አስተምሮ ገበሬው መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍር ቀሰቀሰ። የቆፈረው ገበሬው ነው፤ ጉልበቱም እንጨቱም የራሱ ነው። ከውጭ የመጣው ዕውቀቱና ለቅስቀሳው የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ካርተር ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩ እንደነበረው ዘመቻውን ወደፊት የገፉት ሴቶቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ሰው ሳያያቸው ለመውጣት ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው በሁለት መንገድ ሊረዳ ሞከረ፤ በኔ ግምት እኛን የጠቀመን መዶሻ ያልያዘበት ነው።

ሁሉም እንግዳ ጥቂት ሰንብቶ ይሄዳል ማለቴም አይደለም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመጡ ወደ 280 ገደማ ነበሩ፤ ሁለት ሁለት ዓመት አገር ቤት ተቀምጠው በየአውራጃው ያስተማሩት አማርኛ ለምደው፣ ተማሪዎቻቸውን በስም ለይተው ነው። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ፣ መቱ የነበረው ጆን ጋራሜንዲ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ገብተዋል። የኛዎቹም ቢሆኑ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ገጠር ወርደዋል። የዘመቻው ሌላ ጣጣ ብዙ ነው፤ ግን የከተማ ልጅ ገበሬ ቤት ውሎ ማደር ምን እንደሆነ ያወቀው በዚያ ነበር።

አሁን ካዛንቺስ ወዳለበት ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንመለስ። በየክረምቱ የእኛም በጎ ፈቃደኞች ኮፍያና ቲሸርት ለብሰው የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ባነር ይሰቀላል፣ ባለሥልጣን አካፋ ይጨብጣል፣ ካሜራ ይመጣል። አንድ የቂርቆስ ግቢ ውስጥ ያየሁት እድሳት ለዓይን ያምር ነበር፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ግድግዳው ተለስኖ ውሃ ሰማያዊ የተቀባ። የቤቱ ባለቤት እናት እግዜር ይስጥልኝ ብለው መርቀው ሲጨርሱ ቀስ ብለው የጠቆሙኝ የግቢውን ጥግ ነበር። መላው ግቢ የሚጋራው አንድ ሽንት ቤት ሞልቶ ከፈሰሰ ሰንብቷል። መጣጭ መኪና እንዲገባ የግቢው ሰው ገንዘብ ቢያዋጣም መንገዱ ይጠበዋል። ይህን ለማስተካከል ባነር የሰቀለ አልነበረም። ለካሜራ የማያምር ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል።

ቤቱም ቢሆን ያረጀው በጎ ፈቃደኛ ጠፍቶ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ርካሽ ቤት አገኘ፤ ዳሩ ግን ያለ ቀበሌ ፈቃድ ግድግዳ መግፋትም ክፍል መጨመርም አይችልም ነበር፣ ቀበሌውም በዚያ ኪራይ ምኑን ያድስበት ነበር? ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዲህ አለፈ። ለምሳሌ ካዛንቺስ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች አጠገብ የበቀለ ሰፈር ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመረቀ ወዲህ ዲፕሎማቱና የጭቃ ቤቱ ነዋሪ ጎን ለጎን ኖሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲደርስ ብዙው የቀበሌ ቤት ተከራይ ገላን ጉራ ወደ ተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛወረ። እዚያ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ይህን ቀላል ነገር ነው የሚል ያን የሞላ ጉድጓድ ያላየ ነው። ሰፈሩ ላይ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ ለቢሮ ሠራተኛ ትሸጥ የነበረች ሴት ግን ደንበኞቿን ጭና አልሄደችም። ዶዘር ደግሞ ግድግዳው አምና ክረምት ተለስኖ እንደሆነ አይጠይቅም።

ስለዚህ እድሳት የሚያስተባብር ሁሉ፣ የአገር ልጅም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። አንደኛው ለክፍለ ከተማው ነው፤ ይህ ቤት በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በልማት ይነሣል ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፣ ግልባጩ ለተከራይዋ ይድረሳት። መልስ ካልተገኘ ገንዘቡ ሲነሡ ይዘውት በሚሄዱት ነገር ላይ ይዋል፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ ሊወሰድ ይችላል፣ ልስኑ ግን አይወሰድም። ሁለተኛው ለግቢው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ምን ይሠራላችሁ? መልሱ ሽንት ቤት ከሆነ ሽንት ቤቱ ይሠራ። ሥራውንም ከዚያው ሰፈር ሥራ ያጡ አናጢዎችና ግንበኞች በገበያው ዋጋ ይሥሩት። ፈቃደኛው አካፋ መያዝ ካማረው ይያዝ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ብቻ እሱ ምስማር እስኪያቃና አናጢው ቆሞ የጠበቀበት ሰዓት ከምንዳው አይቀነስበት።