መተርተርም ሙያ ነው

ዛሬ የማወጋችሁ በገዛ ቤቴ የሆነውን ነው። ወሬው ወደ ጃፓንም ወደ ዛሪማም ይወስደናልና በትዕግሥት ተከተሉኝ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ «ካራቴ ልማር» ብሎ ጠየቀኝ። 11 ዓመቱ ነው። «አይሆንም» አልኩት። ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ዓመት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ ሁለት ጊዜ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል። እጁ ለቡጢ የሚፈጥንን ልጅ ገንዘብ ከፍዬ ቡጢ ወደሚያስተምሩበት ቤት እንዴት እልከዋለሁ?

እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማናለች። እናቴ የዛሪማ ሰው ነች። ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዳችሁ የምታውቁ ዛሪማን ታውቋታላችሁ፤ የደባርቅ ብርድ ከኋላ ቀርቶ የቆላው ሙቀት የሚቀበላችሁ፣ ወደ አዲአርቃይ ስትሄዱ የምታልፉባት ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ እናቴ መጀመሪያ ደባርቅ፣ ከዚያም ጎንደር እኔ ዘንድ መጣች። ከመጣች ወዲህ ብዙም አትናገርም ነበር። ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ከዚያ ጥጓን ትይዛለች። የዚያን ቀን ግን፣ «ያላየሽውን ነገር እንዴት ትከለክያለሽ? መጀመሪያ ሄደሽ እዪው እንጂ» አለችኝ።

ሄድኩ። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አሰልፈዋል። ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። ትንንሾቹ መጥረጊያ ይዘው ወለሉን ይጠርጋሉ፤ ዘበኛ ወይም ጽዳት ሠራተኛ አይጠብቁም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ሳይ ማንም ማንንም አልመታም። አንዱን አቋቋም ብቻ እየደጋገሙ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ መከላከል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ አሠልጣኙ ጠጋ ብዬ በልቤ የነበረውን ጠየቅኋቸው፤ «ሲገቡና ሲወጡ የሚሰግዱት ለማን ነው?»

ሳቅ አሉና፣ «ስግደት አይደለም እህቴ፣ እጅ መንሳት ነው። ለቦታው፣ ለሚያስተምራቸውና አብሯቸው ለሚማረው ልጅ እጅ ይነሳሉ» አሉኝ። እጅ መንሳትን እኛ ጎንደሬዎች ከማን ልንማር ነው? ጫማን በር ላይ ማውለቅስ ቢሆን? ልቤ ትንሽ ረጋ። ልጄን አስመዘገብኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። በየሰፈራችን «ካራቴ» የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። ቴኳንዶ የኮሪያ ነው፤ ውሹ የቻይና ነው። ካራቴ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች ከኦኪናዋ የተነሣ ሲሆን ፉናኮሺ ጊቺን የተባሉ የትምህርት ቤት መምህር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ቶኪዮ ወስደው አስተዋወቁት። ጁዶ ደግሞ የሌላ መምህር የካኖ ጂጎሮ ሥራ ነው። ካኖ የጥንቱን የጦረኞች ትግል ተምረው፣ ጉዳት የሚያመጣውን ከልምምዱ እየለዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ክፍሏ 12 የሣር ምንጣፍ ብቻ ትይዝ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የነበሯቸው ተማሪዎችም 9 ነበሩ።

«ጁዶ» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ዶ» ትርጉሟ መንገድ ነው። ጃፓኖች ይህችን ቃል የሚጠቀሙት ለትግል ብቻ አይደለም። ሻይ አፍልቶ እንግዳ የማስተናገድ ሥርዓታቸው ሳዶ ይባላል፤ የሻይ መንገድ ማለት ነው። አበባ ማሰናዳቱ ካዶ፣ በብሩሽ መጻፉ ሾዶ ነው። ለእነርሱ ሻይ ማቅረብም ሆነ ፊደል መጻፍ ዕድሜ ልክ የሚሄዱበት መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ለብቻ አይኬድም። መምህር ያስፈልጋል፤ አብሮ የሚማር ጓደኛም ያስፈልጋል። የጁዶ ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው ሳይጎዳ መውደቅን ነው፤ የሚጥለው ጓደኛ ከሌለ ደግሞ ይህን በሚገባ ሊማር አይችልም። ካኖም ሲያስተምሩ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሰው ራሱን የሚያሻሽለው ከሌላው ጋርና ለሌላው ጥቅም መሆኑን።

ጃፓን ለእኛ ሩቅ ብትሆንም እንግዳ አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያ ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በዚያው በቶኪዮው ውድድር ነው። ዛሬ ደግሞ መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ካይዘን የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ልጄ ሁለት ወር በደስታ ተመላለሰ። በሦስተኛው ወር የቀበቶ ፈተና መጣና ወደቀ። ማታ ነጩን ልብሱን አልጋ ሥር ወርውሮ «ሁለተኛ አልሄድም» አለ። እኔ ልቆጣው ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ስንት ጊዜ ወደቅህ?» አለችው።

«አንድ ጊዜ።»

ሳቀች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እናቴ ቤቴ ከገባች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «እስቲ ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ስንደዶና አክርማ ግዢልኝ፤ አንድ ወስፌም ጨምሪ» አለችኝ።

እናቴ በዛሪማ በስፌቷ የታወቀች ነበረች። ሞሰቡም፣ አገልግሉም፣ ሌማቱም በእጇ አልፏል። ልጅ ሳለሁ ሴቶቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው፣ አክርማውን ውኃ ነክረው፣ እየሰፉ ሲያወጉ እሰማ ነበር። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ ማን እርዳታ እንደሚሻ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከቤቷ ስትወጣ የጀመረችውን ስፌት ትታ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ወስፌ አልነካችም፤ እኔም «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ሙዳይ ጀመረች። ልጄም ኩርፊያው ሳይለቀው አጠገቧ ተቀምጦ ያያል። ዓይኗም ጣቷም እንደ ድሮው አይደሉም። ብዙ ዙር ከሄደች በኋላ ስፌቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አየችውና መተርተር ጀመረች። ልጄ ደነገጠ።

«እምዬ፣ ለምን ታፈርሺዋለሽ? ምንም አልሆነም እኮ! አይታይም!»

«ለማያውቅ አይታይም። እኔ ግን አየሁት» አለችው። ቀጥላም፣ «መተርተርም ሙያ ነው ልጄ። መተርተር የማታውቅ ሴት ሞሰብ አትሰፋም።»

ከዚያ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነገረችው። ሁላችንም የምናውቀው ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ሲገርፉት ሸሽቶ ሄደ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉ ላይ ለመውጣት ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲወጣ አየ፤ ወደ መምህሩም ተመለሰ። ሊቁ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በስሜን ተራሮች ነው ተብሎ ይታመናልና ለዛሪማ ሰው ያሬድ እንደ ጎረቤት ነው፤ እናቴም የምታወራው እንደምታውቀው ሰው አድርጋ ነው። በሚገርም ሁኔታ ጃፓኖችም «ሰባት ጊዜ ውደቅ፣ ስምንት ጊዜ ተነሣ» የሚል አባባል አላቸው።

ልጄ በማግስቱ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ስለ ያሬድ ብሎ ይሁን ስለ ሙዳዩ አላውቅም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ አያቱ የምትሠራውን ማየት የቻለው ካራቴ ስለጀመረ ነው። አንዱን አቋቋም መቶ ጊዜ መደጋገም ምን እንደሆነ በገዛ እግሩ ባያውቀው ኖሮ፣ የአያቱን ስፌት «የድሮ ዕቃ» ብሎ ያልፈው ነበር። እናቴም በበኩሏ እጇ ሙያውን አልረሳም፤ የጎደላት የሚያያት ሰው ነበር። ተማሪ የሌለው መምህር ዝም ይላል።

እኛም እኮ «መንገድ» አለን። የአብነት ተማሪ ኮቾሮውን ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። ለአቋቋም ወደዚሁ ወደ ጎንደር በአታ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ በመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል። ቀበቶ የለውም እንጂ ደረጃና ማስመስከሪያ አለው። የሻይ መንገድ የሚሉትንም ሳነብ ትዝ ያለኝ ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው ነው። ልዩነቱ ጃፓኖች ሻያቸውን በመምህርና በደረጃ ማስተማራቸው ነው። እኛ ግን ቡናውን ልጆቻችን እያዩ ይወርሱታል ብለን ተውነው፤ እነርሱም ስልካቸውን እያዩ ነው።

ልጆቻችሁን ወደ እንዲህ ያለ ትምህርት ለመላክ ለምታስቡ፣ ከተማርኩት ጥቂት ልበል። መጀመሪያ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ልምምድ ተመልከቱ፤ ወላጅ እንዲያይ የማይፈቅድ ቤት ካለ ልጃችሁን አትስጡት። አሠልጣኙ ከማን እንደተማረ፣ ልጅ ሲጎዳ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ልጆቹ ሲሳሳቱ ይሰድባቸዋል ወይስ ያርማቸዋል? ትልልቆቹስ ትንንሾቹን ይረዳሉ ወይስ ያስፈራራሉ? ይህን ካያችሁ ብዙውን አያችሁ። በቀበቶ ቀለም ደግሞ አትቸኩሉ። በኮዶካን ጥንት የነበረው ነጭና ጥቁር ነው፤ በመካከል ያሉት ብዙዎቹ ቀለሞች በኋላ አውሮፓ ውስጥ የተስፋፉ ናቸው። የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙም «የመጀመሪያ ደረጃ» ነው። ሌላው የመጨረሻ ብሎ የሚያስበውን እነርሱ መነሻ ይሉታል።

ለአያቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የምታውቁትን ሙያ «ዘመኑ አልፎበታል» ብላችሁ አትደብቁት። መፍተልም ሆነ ስፌት፣ በገና መደርደርም ሆነ ጠላ መጥመቅ፣ ልጆቹ ፊት ሥሩት። ስትሳሳቱም ይዩዋችሁ። ልጅ ከፍጹም ሰው ይልቅ ተሳስቶ ከሚያስተካክል ሰው ይማራል።

የልጄ ጠብ ጨርሶ ቀረ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲህም አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ። ግን የዚያን ቀን የጥሪውን ወረቀት ከማየቴ በፊት ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ጥፋቱም የእርሱ እንደነበር አልደበቀም። በሁለተኛው ፈተና አልፎ ቀበቶው ተቀይሯል።

እናቴም አሁን ብቻዋን አይደለችም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶቻችን ስፌታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ እንደ እርሷ ከዚያው አካባቢ የተፈናቀለች ናት። ቡና ይፈላል፣ ይሰፋል፣ ይወራል። ዛሪማ ስለቀረው ቤትም ያለቅሳሉ፤ ግን አብረው ነው። ልጄም ትንሽ ስፌት ጀምሮ አጠገባቸው ይቀመጣል። አንዷ ጎረቤት «ወንድ ልጅ ስፌት?» ብላ ስትስቅበት እናቴ ቀና ሳትል፣ «ሸማኔውስ ወንድ አይደለም?» አለቻት።

ባለፈው እሑድ ከሥራ ዘግይቼ ስገባ የሰፋውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ሲያየው አገኘሁት። ምንም ጠማማ ነገር አልታየኝም። እርሱ ግን ወስፌውን አስቀምጦ መተርተር ጀመረ።