ሽምግልና ሲራዘም የአቤቱታ ጊዜ እንዳያልፍ

የወንጀል ተጎጂዎች ለፖሊስ ከማመልከት ይልቅ የሽምግልናን ውጤት ሲጠባበቁ ይስተዋላል። ሽምግልና ማኅበራዊ ሰላምን ለመመለስ ያለው ፋይዳ ባይካድም፣ ሕጉ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 እንደሚደነግገው፣ እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ባሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች አቤቱታው መቅረብ ያለበት ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ3 ወራት ውስጥ ነው። ዕርቁ ሳይሰምር ጊዜው ካለፈ፣ ተበዳዩ ካሣም ክስም ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። ከባድ ወንጀሎች ያለ ግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ቢሆኑም፣ መዘግየት የጉዳት ምልክትን ያጠፋል፤ የምስክርንም ትውስታ ያደበዝዛል። ስለሆነም ተጎጂዎች ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ሊያመለክቱ ይገባል። አስቀድሞ ማመልከት የዕርቅን በር አይዘጋም፤ መብትን ግን ያስከብራል።