ከሥራ ስትለዩ የሚመጣውን ደብዳቤ አትጣሉት

በአሜሪካ ለምትኖሩ ቤተሰቦች የሚጠቅም አንድ ጉዳይ በዛሬው ዓምዳችን እናነሣለን። በዚያ አገር ሰው ከሥራ ሲሰናበት የሚቀርበት ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የነበረው የመላው ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስም አብሮ ይቋረጣል።

በዚያ ሰሞን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ልቡ ያዘነ ሰው ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ሥራ ማጣቱን ለባለቤቱ መንገር አፍሮ የሚደብቀውም አለ። ወገኖቼ፣ ይህን አታድርጉ!

ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ጸደቀው «ኮብራ» ስለሚባለው ሕግ ነው። ስሙ የእባብ ቢሆንም የወጣው እናንተን ለመርዳት ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ስትሠሩ ከነበረ፣ በከባድ ጥፋት ካልተባረራችሁ በቀር፣ ያንኑ ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ማቆየት ትችላላችሁ። ሠራተኛው ቢሞት ወይም ትዳሩ ቢፈርስ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ እስከ 36 ወር ሊቆዩበት ይችላሉ።

ሆኖም ዋጋው ያስደነግጣል። አሠሪው ይከፍል የነበረውን ድርሻ ጨምራችሁ እስከ 102 በመቶ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀኑን ማወቅ ይጠቅማል። ለመወሰን ቢያንስ 60 ቀን አላችሁ፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተሰጣችሁበት ወይም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ቀን፣ ከሁለቱ ከኋለኛው ጀምሮ ነው። ከመረጣችሁ በኋላ ለመጀመሪያው ክፍያ ሌላ 45 ቀን ይሰጣችኋል። ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል። በ50ኛው ቀን ልጃችሁ ሆስፒታል ቢገባ እንኳ በሩ ገና አልተዘጋም፤ ያለፉትን ወራት ክፍያ ግን መክፈል ግድ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት አማራጮችን አወዳድሩ። የትዳር ጓደኛችሁ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ካለው ጠይቁ። ሰው «ኦባማ ኬር» በሚለው ገበያ ለመግባትም የ60 ቀን ጊዜ አላችሁ፤ እንደ ገቢያችሁ መጠን ድጎማ ሊኖር ይችላል። ገቢያችሁ ዝቅ ካለ ለሜዲኬድ አመልክቱ። ኮብራን ይዛችሁ ቆይታችሁ በመካከል በፈቃዳችሁ ብትተዉት ግን እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ድረስ ወደ ገበያው መግባት ላትችሉ ትችላላችሁ።

«ጌታ ያውቃል፣ ይጠብቀናል» እንላለን፤ እውነት ነው። ዮሴፍም በእግዚአብሔር ታምኖ ሳለ በጥጋቡ ዘመን እህል አከማችቷል። እምነቱ ጎተራ ከመሥራት አላገደውም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ደብዳቤውን ከፍታችሁ የመጨረሻውን ቀን በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። እንግሊዝኛ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሥራ ላጣው ወገናችሁ «እንጸልይልሃለን» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንብቡለት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!